ከተማ ብስክሌተኛ ሆና አትወለድም

ይህችን ፎቶ ሳታዩዋት አልቀራችሁም። ቦታው አምስተርዳም ነው። አንዲት እናት፣ ከፊቱ ትልቅ ሣጥን በተገጠመለት ብስክሌት ሁለት ልጆቿን ጭና የቦዩን ዳር ይዛ ትሄዳለች። ሄልሜት የለ፣ ጥድፊያ የለ፣ ፊቷ ላይ የመኪና ፍርሃት የለ። ፎቶዋ በተለጠፈች ቁጥር ከሥሯ የሚጻፈው አስተያየት አንድ ነው፦ «እነሱ እኮ ባህላቸው ነው!» ትንሽ ወረድ ሲሉ ደግሞ፦ «አገራቸው እኮ ሜዳ ነው!»

ሜዳነቱ እውነት ነው። ባህሉን ግን ትንሽ እናቆየው። የዛሬ ሃምሳ ምናምን ዓመት እዚያው ቦይ ዳር ብትቆሙ የምታዩት ሌላ ነገር ነበር፦ ከዳር እስከ ዳር የተደረደረ የቆመ መኪና፣ በመካከሉ የሚጋፋ መኪና፣ ጥግ ጥጉን የሚሸሽ ብስክሌተኛ። ያ ከተማ ወደዚህች ፎቶ የመጣበትን መንገድ ማወቅ፣ በተለይ ለአዲስ አበባ ሰው፣ ከአድናቆት ያለፈ ጥቅም አለው። እኛ አሁን የቆምነው እነሱ በ1960ዎቹ በነበሩበት መታጠፊያ ላይ ነውና። (ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት፤ የኛ ሲሆን «ዓ.ም.» እላለሁ።)

ቦዩ ይደፈን የተባለበት ዘመን

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊትም፣ ጦርነቱ ካበቃ በኋላ በነበሩት ጥቂት ዓመታትም፣ የሆላንድ ሠራተኛ ሥራ ሲሄድ በብስክሌት ነበር። እውነቱን ለመናገር ይህ ሆላንድን ብዙም የተለየች አያደርጋትም ነበር፤ በጊዜው ብዙ የአውሮፓ ከተማ እንደዚያው ነው። ከዚያ በ1950ዎቹ ገንዘብ መጣ። ገንዘቡ መኪና ይዞ መጣ። መኪና መግዛት የቻለ ሰው ብስክሌቱን ጓዳ ከተተ። በአምስተርዳም የብስክሌት ጉዞ በየዓመቱ 6 በመቶ ገደማ እየቀነሰ ሄደ፤ በዚያው ከቀጠለ ጨርሶ መጥፋቱ አይቀርም የሚሉም ነበሩ።

ለዚህ ሁሉ መኪና ቦታ ከየት ይምጣ? በ1954 የአምስተርዳም ፖሊስ አዛዥ የነበረው ካስያገር መፍትሔ አቀረበ፦ ከቦዮቹ የተወሰኑት ይደፈኑና መንገድ ይሁኑ። ዛሬ ቱሪስት ሊያያቸው የሚሄደውን፣ ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት የመዘገበውን የአምስተርዳም የቦይ ሰፈር ነው የምላችሁ። ሐሳቡ ተቃውሞ ገጥሞት ቀረ። በ1967 ደግሞ ዴቪድ ዮኪነን የተባለ አሜሪካዊ ዕቅድ አውጪ፣ ትልልቅ አውራ ጎዳናዎች እስከ መሀል ከተማው ድረስ እንዲገቡ፣ ለዚህም አሮጌ የሠራተኛ ሰፈሮች እንዲፈርሱ የሚል ዕቅድ ይዞ መጣ። እሱም እንዳለ አልተተገበረም። አስተሳሰቡ ግን የጊዜው አስተሳሰብ ነበር፦ ዘመናዊ ከተማ ማለት መኪና የማይቆምበት ከተማ ማለት ነው።

ይህን አስተሳሰብ የሚያላግጡበት ወጣቶችም ነበሩ፤ ፕሮቮ ይባላሉ። በ1965 ከመካከላቸው ሉድ ስኺመልፔኒንክ የሚባለው «ነጭ ብስክሌት» የሚል ዕቅድ አወጣ። መሀል ከተማው ለመኪና ይዘጋ፤ ማዘጋጃ ቤቱ በየዓመቱ 20,000 ነጭ ብስክሌት ይግዛ፤ ማንም ሰው አንስቶ ይንዳው፣ የደረሰበት ያቁመው። ማዘጋጃ ቤቱ አልተቀበለውም። እነሱም ጥቂት ብስክሌቶችን ራሳቸው ነጭ ቀብተው መንገድ ላይ አቆሙ። ፖሊስ ሰበሰባቸው። ምክንያቱ ምን ይመስላችኋል? ብስክሌትን ሳይቆልፉ ማቆም በሕግ የተከለከለ ነው ተባለ።

ዛሬ በየትልልቁ ከተማ በስልክ ተከፍቶ የሚነዳው የጋራ ብስክሌት አያቱ ይህ ዕቅድ ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፣ ቀልዱም ጥሩ ነበር። ከተማዋን ግን አልቀየራትም። የቀየራት ሐዘን ነው።

«አደጋ» የሚለውን ቃል የጣሉ ወላጆች

በ1971 ብቻ በሆላንድ መንገዶች ላይ 3,300 ያህል ሰው ሞተ። ከነዚህ ከ400 በላይ የሚሆኑት ልጆች ነበሩ። አንዷ የጋዜጠኛ ቪክ ላንገንሆፍ የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። አባትየው በ1972 በቁጣ የጻፈው ጽሑፍ ርዕሱ «ስቶፕ ደ ኪንደርሞርት» ይላል፤ «የሕፃናቱ ግድያ ይቁም» እንደማለት ነው።

ርዕሱን ደግማችሁ አንብቡት። ግድያ ነው የሚለው።

በኛ አገር ሰው በመኪና ሲሞት ለቅሶ ቤት ምን እንደሚባል እናውቃለን። «ቀኑ ደርሶ ነው።» «ምን ይደረግ፣ አደጋ ነው።» ሐዘንተኛን ለማጽናናት የሚባል ነው፤ ክፋት የለውም። ነገር ግን «አደጋ» የሚለው ቃል ጥያቄን ይዘጋል። አደጋ ከሆነ ማንም አልወሰነውም፤ ማንም ካልወሰነው ደግሞ ማንም ሊለውጠው አይችልም። ላንገንሆፍ ቃሉን ሲቀይር ጥያቄው ተከፈተ። ልጆች በሚያልፉበት መንገድ መኪና በዚህ ፍጥነት እንዲሄድ የፈቀደው ማነው? መንገዱን እንዲህ አስፍቶ የእግረኛውን ያጠበበው ማነው? እነዚህ ጥያቄዎች መልስ አላቸው። መልሱም አንድ ቢሮ ውስጥ፣ አንድ ጠረጴዛ ላይ፣ አንድ ንድፍ ላይ ይገኛል።

ከጽሑፉ ንቅናቄ ተወለደ፤ ስሙም የጽሑፉ ርዕስ ሆነ። የመጀመሪያዋ ሊቀመንበር ማርትየ ፋን ፑተን በጊዜው ወጣት እናት ነበረች፤ በኋላ የአውሮፓ ፓርላማ አባል ሆናለች። ሥራቸው ደብዳቤ መጻፍ ብቻ አልነበረም። ሰው የሞተባቸውን ቦታዎች ሄደው ይይዙ ነበር። መንገድ ዘግተው ልጆች እንዲጫወቱበት ያደርጉ ነበር። በብስክሌት ተሰልፈው እስከ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዮፕ ደን ኡይል ቤት ድረስ ሄደው ዘፍነዋል። ደ ፔይፕ በሚባለው የተጨናነቀ የአምስተርዳም ሰፈር ደግሞ ልጆቹ ራሳቸው ፊርማ አሰባስበው፣ መንገድ ዘግተው፣ ከተናደዱ ሾፌሮች ጋር ተፋጠዋል። በ1975 የብስክሌተኞች ማኅበር ተመሠረተ፤ ማዘጋጃ ቤት መስመር አልቀባም ያለበትን መንገድ አባላቱ ራሳቸው ቀለም ይዘው የቀቡበት ጊዜም አለ።

ነዳጅ ሲጠፋ

ቁጣ ብቻውን መንገድ አይሠራም። ጊዜም ያስፈልገዋል። ጊዜው የመጣው ከመካከለኛው ምሥራቅ ነው።

በጥቅምት 1973 በአረቦችና በእስራኤል መካከል ጦርነት ተነሣ። ሆላንድ ከእስራኤል ጎን ቆማለች ተብላ ነዳጅ ከተከለከሉት አገሮች አንዷ ሆነች። መንግሥት ከኅዳር 1973 እስከ ጥር 1974 መጀመሪያ ድረስ እሑድ እሑድ መኪና እንዳይነዳ ከለከለ። ሕዝቡ ምን አደረገ? አውራ ጎዳናው ላይ ወጣ። በብስክሌት፣ በእግር፣ በፈረስ፣ ጎማ በተገጠመለት ጫማ። ለብዙ ወጣት፣ የሚኖርበትን ከተማ ያለ ሞተር ድምፅ ሲሰማው የመጀመሪያው ነበር።

ያው የነዳጅ ቀውስ አዲስ አበባም ደርሷል። በየካቲት 1966 ዓ.ም. የቤንዚን ዋጋ ሲጨምር የታክሲ ሾፌሮች ሥራ አቆሙ፤ መምህራን በራሳቸው ጥያቄ ወጡ፤ ወታደሩም በየጦር ሰፈሩ ተነሣ። ወሩ የአብዮቱ መጀመሪያ ሆኖ ነው በታሪክ የሚታወቀው። ንጉሡ በመስከረም 1967 ዓ.ም. ወረዱ። የበርሜል ዋጋ መናር አንዱን አገር እሑድ እሑድ ከመኪና አስወርዶ አስፋልት ላይ አስኬደው፤ ሌላው አገር ውስጥ ለዘመናት የተጠራቀመ ብሶት ላይ ክብሪት ጫረ።

ይህን ያነሣሁት ሁለቱን ለማወዳደር አይደለም፤ አይወዳደሩም። ቀውስ በራሱ አቅጣጫ እንደሌለው ለማሳየት ነው። ቀውስ በር ይከፍታል፤ ማን እንደሚገባ የሚወስነው ቀድሞ ደጃፉ ላይ ማን ተዘጋጅቶ እንደቆመ ነው። በሆላንድ ደጃፍ ላይ የቆሙት ምን እንደሚፈልጉ በዝርዝር የሚያውቁ ወላጆች ነበሩ።

አንድ መስመር ወይስ መረብ?

ከዚህ በኋላ ያለው የታሪኩ ክፍል እንደ እኔ ዓይነቱን ኮድ ጸሐፊ ይበልጥ ይስባል፤ ጉዳዩ የንድፍ ጉዳይ ነውና።

የሆላንድ መንግሥት ግፊቱን ተቀብሎ በ1970ዎቹ አጋማሽ ሙከራ ጀመረ። ዘ ሄግ እና ቲልበርግ በተባሉት ሁለት ከተሞች ውስጥ አንድ አንድ ምርጥ የብስክሌት መንገድ ተሠራ። ከመኪናው የተለየ፣ ሰፊ፣ ውድ። ዘ ሄግ ላይ ባለሱቆች «ደንበኛ ያርቅብናል» ብለው ተቃወሙ። መንገዱ ተሠርቶ ሲያልቅ ብስክሌተኛ ሞላው። የተሳካ መሰለ።

ሲቆጠር ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። ከአዲሱ መንገድ ተጠቃሚዎች ብዙዎቹ ድሮም ብስክሌት የሚነዱ ሰዎች ነበሩ፤ የጎረቤቱን መንገድ ትተው ወደተሻለው መጡ እንጂ። መኪናውን ትቶ ወይም ፍርሃቱን አሸንፎ አዲስ ብስክሌት ያነሣ ሰው የተጠበቀውን ያህል አልተገኘም።

ለምን? አንዲት እናት ልጇን ትምህርት ቤት ልታደርስ ነው እንበል። መንገዱ 4 ኪሎ ሜትር ነው። 3 ተኩሉ ኪሎ ሜትር የተለየ የብስክሌት መስመር አለው፤ ግማሹ ኪሎ ሜትር ግን ከጭነት መኪና ጋር የሚያጋፋ አደባባይ ነው። ለመሐንዲሱ መንገዱ 87 በመቶ ተጠናቋል። ለእናትየዋ ግን ዜሮ በመቶ ነው፤ ልጇን ይዛ አትወጣማ። በኔትወርክ ሥራም እንደዚያው ነው፦ ከስልካችሁ እስከ ሰርቨሩ ያለው መስመር አንድ ቦታ ከተቋረጠ፣ የቀረው ፋይበር ምን ቢፈጥን ገጹ አይከፈትም።

ይህን የተረዳችው ዴልፍት ነች። ዴልፍት ትንሽ የዩኒቨርሲቲ ከተማ ናት፤ በ1980ዎቹ አንድ የሚያምር መንገድ ከመሥራት ይልቅ ከተማዋን በሙሉ በመረብ ለመሸፈን ወሰነች። መረቡ ሦስት ደረጃ ነበረው። ከዳር እስከ ዳር ከተማዋን የሚያቋርጡ ዋና መስመሮች፣ በየግማሽ ኪሎ ሜትሩ ገደማ፤ ሰፈርን ከሰፈር የሚያገናኙ፣ ጠጋ ጠጋ ያሉ፤ ከዚያም በየ100 ሜትሩ ገደማ ከቤት ደጃፍ የሚነሡ ትንንሾቹ። ሥራው በአብዛኛው የተቆራረጠውን መቀጠል ነበር፦ እዚህ ድልድይ፣ እዚያ የውስጥ ለውስጥ መተላለፊያ፣ ሌላ ቦታ አንድ አቅጣጫ ብቻ የነበረ መንገድ ለብስክሌት በሁለቱም አቅጣጫ መክፈት። ውጤቱ ሲለካ የብስክሌት ጉዞ ድርሻ ከ40 ወደ 43 በመቶ ከፍ ብሏል። ትንሽ ይመስላል፤ ግን ድሮም ግማሽ ያህሉ ሰው በሚነዳበት ከተማ አዲስ ሰው ማምጣት ቀላል አይደለም። ከዚያ ወዲህ በአገሩ መንገድ ሲታቀድ የሚጠየቀው ስለ አንድ መስመር ብቻ መሆኑ ቀረ፤ መስመሩ ከምን ጋር ይገናኛል የሚለው አብሮ ይጠየቃል።

ባህል ያልነበራት ከተማ

«እሺ፣ እነሱ ቢያንስ ድሮም ብስክሌት ያውቁ ነበር» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ነው። ስለዚህ ወደ ደቡብ እንውረድ፤ ወደ ስፔኗ ሴቪል።

ሴቪል በበጋ ሙቀቷ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ከመቶ ጉዞ አንዱ እንኳ በብስክሌት አይደረግም ነበር። ባህል የሚባል ነገር የለም። የነበረው ለዓመታት የወተወተ «ኣ ኮንትራማኖ» የሚባል የብስክሌተኞች ማኅበርና፣ በማዘጋጃ ቤቱ ጥምር አስተዳደር ውስጥ ጉዳዩን የያዘ ፓርቲ ነው። ከ2006 ጀምሮ በጥቂት ዓመታት ውስጥ 80 ኪሎ ሜትር ያህል፣ እርስ በርሱ የተያያዘ፣ ከመኪናው በጠርዝ የተለየ አረንጓዴ መስመር ዘረጉ። ቦታው የተገኘው 5,000 ያህል የመኪና ማቆሚያ ቦታዎችን በማንሣት ነው።

በቀን 6,000 ገደማ የነበረው የብስክሌት ጉዞ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ 70,000 ገደማ ደረሰ። ሕዝቡ አልተቀየረም፤ ያው ሕዝብ ነው። አየሩም ያው ነው። የተቀየረው መስመሩ ከቤት ተነሥቶ ሥራ ቦታ መድረሱ ነው። ሁሉንም በአንድ ጊዜ መሥራታቸውም የራሱ ጥበብ አለው። አንድ አንድ መስመር እየሠሩ ቢጠብቁ ኖሮ የመጀመሪያው ባዶ ሆኖ ይታይና «ይኸው፣ ማን ይነዳበታል?» ተብሎ ቀሪው ይሰረዝ ነበር።

ወደ ቤት

አሁን ወደ ዳገቱ። የአዲስ አበባ ዳገት ቀልድ አይደለም፤ ከእንጦጦ እስከ አቃቂ ያለውን ቁልቁለት የወረደ ይመሰክራል፣ የወጣውማ ይበልጥ። ግን ከፍታ ብቻውን ብስክሌትን እንደማይከለክል ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። አስመራ ልክ እንደ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ነው ያለችው፤ በ2024 በቱር ደ ፍራንስ ሦስት ጊዜ አሸንፎ አረንጓዴውን ማሊያ የወሰደው ቢንያም ግርማይ ከዚያች ከተማ የወጣ ነው። የኛም ታሪክ ባዶ አይደለም። ኢትዮጵያ በ1956 ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትሳተፍ ከሯጮቹ ጋር ገረመው ደንቦባን የመሰሉ ብስክሌተኞችም ነበሩ። ባሕር ዳርን ደግሞ ሳይክል የሌለባት አድርጎ የሚያስብ ሰው የለም። ለዳገቱም ቢሆን ዛሬ በባትሪ የሚታገዝ ብስክሌት አለ።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ባሕር ዳር ነው ያደገው። ትምህርት ቤት የሚመላለሰው በሳይክል ነበር። አዲስ አበባ ሲመጣም ይዞት መጣ፤ አሁን ኮንዶሚኒየሙ በረንዳ ላይ ልብስ ይሰጣበታል። ለምን እንደተወው ስጠይቀው ዳገትም፣ ዝናብም አላነሣም። «አንድ አደባባይ አለ» አለኝ፤ «እሱን ማለፍ አልችልም።» በቃ። አንድ አደባባይ።

ያም ሆኖ ከተማዋ ቆማ አልተቀመጠችም። በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» በሚል ስም መንገዶች ለአንድ ቀን ለመኪና እየተዘጉ ሰው እንዲሮጥባቸው፣ እንዲነዳባቸው መደረግ ተጀመረ። ከለቡ ጀሞ የብስክሌት መስመር ተሠራ። ከ2019 እስከ 2028 የሚዘልቅ የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ ወጣ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የኮሪደር ልማቱ በደረሰባቸው መንገዶች ሰፊ የእግረኛ መንገድና የብስክሌት መስመር እያየን ነው። ኮሪደሩ ስላፈረሳቸው ቤቶችና ስለተነሡት ሰዎች ያለው ክርክር ከባድ ነው፤ በአንድ አንቀጽ አልዳፍረውም። ስለ ብስክሌቱ ግን አንድ ነገር ልበል። ኮሪደር በባሕርዩ መስመር ነው። መስመር ደግሞ፣ ዘ ሄግ እንዳየችው፣ ምን ቢያምር ብቻውን አዲስ ብስክሌተኛ አያፈራም። ኮሪደሩ ሲያልቅ መስመሩም ካለቀ፣ እዚያች ማለቂያው ላይ የባልደረባዬ አደባባይ ቆሞ ይጠብቃል።

ይህ የጥቂት ሳይክል ወዳጆች ጉዳይ እንዳይመስላችሁ። ስትራቴጂው በወጣበት ጊዜ እንደተገመተው፣ ከአዲስ አበባ ጉዞ 54 በመቶው በእግር፣ 31 በመቶው በሕዝብ ትራንስፖርት፣ 15 በመቶው ብቻ በግል መኪና ነው። አምስተርዳም ብስክሌተኞቿን ለመመለስ ሰውን ከመኪና ማውረድ ነበረባት። የኛ ሰው ገና አልወጣም። ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሟል፣ ወይ በእግሩ እየሄደ ነው። በየዓመቱ በከተማዋ መንገዶች ላይ በመኪና ከሚሞተው ሰው አብዛኛው ይኸው እግረኛ ነው። ለብስክሌት ተብሎ የሚቀነሰው ፍጥነት፣ የሚጠበበው መታጠፊያ፣ የሚሠራው መሻገሪያ መጀመሪያ የሚያተርፈው እሱን ነው።

ስለዚህ አዲስ መስመር ሲመረቅ ርዝመቱን አንጠይቅ። የቱን ሰፈር ከየትኛው ትምህርት ቤት ጋር አገናኘ? አደባባዩ ላይ ሲደርስ ምን ይሆናል? የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ብቻዋን ልትነዳበት ትችላለች? ሆላንድ ውስጥ ሴቶች ከወንዶች እኩል፣ እንዲያውም በበለጠ ይነዳሉ። መንገድ ላይ የምናየው ብስክሌተኛ ሁሉ ደፋር ጎረምሳ ከሆነ ግን መስመሩ ገና አልተሠራም ማለት ነው።

በ2010 በሆላንድ መንገዶች ላይ የሞቱት ልጆች ቁጥር 14 ነበር። ከ400 በላይ ከነበረበት ማለት ነው። በ1972 ጎዳና የወጡት ወላጆች የጠየቁት ብስክሌት አልነበረም። ጠዋት የወጣ ልጅ ማታ ቤቱ እንዲገባ ነው የጠየቁት። ብስክሌቱ የመጣው ለዚያ ጥያቄ መልስ ሆኖ ነው።